ወሎ ላይ 60 ሺሕ ብር መበደር ስንት ያስወጣል? የቡድን ብድር፣ ዕቁብ፣ የስልክ ብድርና ሙራባሃ ሲመዘኑ

ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ፍየል የሚገዛ ሰው ጥርሷን ገልጦ ያያል፣ ወገቧን ይዳብሳል፣ ሦስት ሻጭ ጋ ዋጋ ጠይቆ ነው ገመዷን የሚይዘው። ያው ሰው ለፍየሏ መግዣ የሚበደረውን ገንዘብ ዋጋ ግን አንዴ ብቻ ይጠይቃል። "ወለዱ ስንት ነው?" "አሥራ ስምንት።" በቃ፣ ይፈርማል። ከዓመት በኋላ "ያን ያህል ሸጬ ገንዘቡ የት ገባ?" ብሎ ሲጨነቅ፣ መልሱ ያለው ያን ዕለት ሳይጠይቅ ባለፈው ነገር ውስጥ ነው።

እዚህ የምንመዝናቸው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች ለአነስተኛ ነጋዴና ለገበሬ የሚቀርቡ የብድር ዓይነቶች ናቸው። ሁሉንም በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ 60,000 ብር ለ12 ወር እንውሰድ። የወለዱና የተቀናሹ መጠን ስሌቱን ለማሳየት የተወሰደ ምሳሌ ነው። ከተቋም ተቋም ይለያያል፤ የአሠራሩ መንገድ ግን የትም ያው ነው።

የቡድን ብድር

መያዣ የሌለው ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው በር ይህ ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሁሉም አብቁተ እያለ የሚጠራውና አሁን ጸደይ ባንክ የሆነው፣ ይህን አሠራር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየገጠሩ አስፋፍቶታል፤ ሌሎች ማይክሮ ፋይናንሶችም ያቀርቡታል። ካርታም ሊብሬም ለሌለው ሰው ከአራጣ አበዳሪ ደጅ የሚያድን ስለሆነ ዋጋው ትልቅ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ስሌቱ ነው።

ወለድ በሁለት መንገድ ይሰላል። አንደኛው የብድር ባለሙያዎች "ፍላት" የሚሉት ነው፤ ወለዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በ60,000 ብር ላይ ይታሰባል። 18 በመቶው 10,800 ብር ይሆናል። ድምሩ 70,800፣ በወር 5,900 ብር። ሁለተኛው በቀሪ ዕዳ ላይ የሚሰላው ነው፤ ገና ባልተከፈለው ብር ላይ ብቻ ይታሰባል። በዚህኛው ያው 18 በመቶ በወር ወደ 5,500 ብር ያስከፍላል፣ የዓመቱ ወለድም 6,010 ብር ገደማ ነው። በአንድ "አሥራ ስምንት" ላይ ከ4,700 ብር በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስድስት ወር የከፈለ ተበዳሪ እጅ ላይ የቀረው የአበዳሪው ገንዘብ ወደ ግማሽ ወርዷል፤ በፍላት ግን ወለዱን የሚከፍለው ሙሉው 60 ሺሕ አሁንም እጁ ላይ እንዳለ ተቆጥሮ ነው። የፍላት 18 በመቶ በቀሪ ዕዳ ስሌት ሲመነዘር በዓመት ወደ 32 በመቶ ይጠጋል።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሒሳብ ትምህርት አያስፈልግም። ከመፈረም በፊት የመክፈያ ሰሌዳው ታትሞ እንዲሰጣችሁ ጠይቁና የወለድ ዓምዱን ሁለተኛ ረድፍ ተመልከቱ። የመጀመሪያው ረድፍ በሁለቱም ስሌት 900 ብር ስለሆነ ምንም አይነግራችሁም። ሁለተኛው ላይ ድጋሚ 900 ካለ ፍላት ነው፤ 831 ካለ በቀሪ ዕዳ ነው። ሰሌዳውን ለማተም የሚያቅማማ ቢሮ ከገጠማችሁ ወረቀቱን ሳታዩ አትፈርሙ። ሌላም ጥያቄ አለ፦ "በስምንተኛው ወር ጠቅልዬ ብከፍል የቀሪው አራት ወር ወለድ ይነሳልኛል?" በፍላት ውል ላይ ይህ በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ ቀድሞ መክፈል ምንም ላያተርፍ ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ከወለዱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያስት ነው። ውሉ ላይ 60,000 ይላል፤ እጅ ላይ የሚገባው ግን ሌላ ነው። የአገልግሎት ክፍያ 2 በመቶ፣ 1,200 ብር። የብድር መድን 1 በመቶ፣ 600 ብር። የግዴታ ቁጠባ 5 በመቶ፣ 3,000 ብር። ተበዳሪው 55,200 ብር ይዞ ይወጣል፤ ወለድ የሚከፍለው ግን በ60,000 ላይ ነው። ቁጠባው መጨረሻ ላይ እንደሚመለስ ቆጥረን እንኳ፣ ይህ በፍላት ስሌቱ ላይ ሲደመር የገንዘቡ እውነተኛ ዋጋ በዓመት 41 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። "አሥራ ስምንት" ተብሎ የተጀመረው ነገር ማለት ነው።

ስለዚህ ቅርንጫፉ ውስጥ መጠየቅ ያለበት "ወለዱ ስንት ነው" ብቻ አይደለም። "ዛሬ እጄ ላይ ስንት ይገባል? እስከ መጨረሻው በጠቅላላ ከእጄ ስንት ይወጣል? በስንተኛው ቀን?" እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ይዞ ሌላ ቦታ ሄዶ ማወዳደር ይቻላል፤ በመቶኛውን ብቻ ይዞ አይቻልም። 60 ሺሕ ያስፈልገኛል ብሎ እቃ ያዘዘ ነጋዴ 55,200 ይዞ ሲመለስ፣ የጎደለችውን 4,800 ከጅምላ ሻጩ በዱቤ ይሞላታል። ዓመቱን በሁለት ዕዳ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ቡድኑ። ውሉ ላይ አባላቱ "በአንድነትም በነጠላም" ኃላፊ ናቸው የሚል ሐረግ ይኖራል። አበዳሪው ሙሉውን ዕዳ ከፈለገው አባል መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። አምስት ሰው ባለበት ቡድን አንዱ የወሩን 5,900 ካልከፈለ፣ አራቱ እያንዳንዳቸው 1,475 ብር ይጨምራሉ፤ ሁለቱ ከቀሩ የሦስቱ ጭማሪ ወደ 3,933 ይዘላል። የሁሉም ቁጠባ ይያዛል፣ ቀጣዩ ዙር ብድርም ይቆማል። ሳይከፍሉ የቀሩት ሰዎች ጎረቤትና ዘመድ መሆናቸው ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል። ቅሬ (ሌላው ቦታ ዕድር የሚባለው) ላይ አብሮ መቆም ሌላ፣ ብድር ላይ አብሮ መፈረም ሌላ ነው፤ በቅሬ የታመነን ሰው ሁሉ በብድር ማመን ብዙ ቡድን አፍርሷል።

ቡድን የሚፈርስበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው የስም ብድር ነው፤ አንድ አባል በራሱ ስም ወስዶ ገንዘቡን ለሌላ ይሰጣል። ከፋዩ ስሙ የሌለበት ሰው ስለሆነ፣ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያቆመው ያንን ክፍያ ነው። ሁለተኛው የገቢ መመሳሰል ነው። አምስቱም ቆቦ ላይ ሽንኩርት የሚያለሙ ከሆኑ፣ የሽንኩርት ዋጋ በወደቀበት ሳምንት አምስቱም አብረው ይወድቃሉ፣ አንዱ ሌላውን የሚደግፍበት አቅም የለም። ልብስ ሰፊ፣ ሻይ ቤት ያላት፣ በግ አድላቢ፣ እህል ነጋዴና ባጃጅ ያለው አንድ ላይ ቢሆኑ ግን ክፉው ወር ለሁሉም እኩል አይመጣም።

በእኛ ግምገማ ጥሩ ቡድንን ከመጥፎው የሚለየው የራሱ መጠባበቂያ ነው። እያንዳንዱ አባል በሳምንት 100 ብር ለብቻ ቢያስቀምጥ የአምስቱ በዓመት 26,000 ብር ይሆናል፤ ይህ የአንድ አባል አራት ወር ክፍያ ሸፍኖ ይተርፋል። ገንዘቡ ሁለት አባላት በጋራ ካልፈረሙ በማይወጣበት ሒሳብ ይቀመጥ። በቃል ብቻ መስማማት አይበቃም።

የመክፈያ ቀኑ

ለገበሬ ከወለዱ መጠን ይልቅ የመክፈያ ቀኑ የበለጠ ይጎዳል ብንል አልተጋነነም። በመኸር አካባቢ ሰኔ ላይ ለማዳበሪያና ለዘር የተወሰደ ብድር ብዙ ጊዜ ጥር ላይ ይመለሳል። ጥር ሁሉም ወቅቶ እህሉን ገበያ የሚያወጣበት፣ ዋጋ የሚረክስበት ወር ነው። በርካሽ ሸጦ ዕዳ የከፈለ ገበሬ ክረምት ሲገባ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ደጋው ላይ፣ ደሴ ዙሪያ፣ ኩታበር፣ መቄትና ዋድላ፣ በልግ የሚዘራ ሰው ደግሞ ምርቱን የሚያየው ክረምቱ ዳር ላይ ነው፤ የመኸር የመክፈያ ሰሌዳ ለእርሱ አይሆንም።

እንዲህ ያለውን ብድር መርምሮ መደራደር ይቻላል። በአንድ ጊዜ የሚመለስ 60,000 ብር በ18 በመቶ በወር 900 ብር ወለድ አለው። (በነገራችን ላይ እዚህ ላይ ፍላትና ቀሪ ዕዳ ልዩነት የላቸውም፤ መሐል ላይ የሚከፈል ስለሌለ።) ቀኑን ከጥር ወደ መጋቢት ማዛወር 1,800 ብር ያስወጣል። አሥር ኩንታል ጤፍ የሚሸጥ ገበሬ፣ በሁለቱ ወር ውስጥ ዋጋው በኩንታል ከ180 ብር በላይ ከጨመረ ማዛወሩ አዋጣው ማለት ነው። ማሽላና ስንዴ ከሆነ ግን ነቀዝ የሚበላውን መቁጠር ያስፈልጋል፤ አየር በማያስገባ ባለብዙ ሽፋን ከረጢት ካልተቀመጠ የዋጋ ጭማሪውን ነቀዝ ይወስደዋል።

ለድለባ የሚበደር ሰው ቀኑን ከበዓሉ አንጻር ይቁጠር። ፋሲካ የሚውልበት ቀን ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ አረፋ ደግሞ በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን እየቀደመ ይመጣል። ካቻምና የሠራ ሰሌዳ ዘንድሮ ከበዓሉ በፊት ሊያርፍ ይችላል። የመጨረሻው ክፍያ ከበዓሉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በኋላ እንዲሆን ጠይቁ። በበዓሉ ዋዜማ ያልተሸጠ በግ በማግስቱ ዋጋው ይወርዳል፣ መኖ ግን መብላቱን አይተውም።

ዕቁብ

ከዋጋ አንጻር የሚስተካከለው የለም። 12 ሰው በወር 5,000 ብር ቢጥል ዕጣው 60,000 ብር ነው። የመጀመሪያውን ዕጣ ያገኘ ሰው 60,000 ወስዶ 60,000 ብቻ ይመልሳል፤ ለዳኛውና ለጸሐፊው ከሚከፈለው ትንሽ ነገር በቀር ወጪ የለበትም። የመጨረሻው ግን ዓመት ሙሉ ለሌሎች አበድሮ፣ እቃ ሁሉ ከተወደደ በኋላ ያንኑ 60,000 ይቀበላል። ስለዚህ ዕቁብ ለድንገተኛ ችግር አይሆንም፤ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አይታወቅምና። የጨረታ ዕቁብ ላይ ቀድሞ ለመውሰድ 6,000 ብር የተወ ሰው 54,000 ተቀብሎ 60,000 ይከፍላል። ይህም ብድር ነው፣ ዋጋ አለው፣ ከማይክሮ ፋይናንሱ ጋር በዚያው ሦስት ጥያቄ ይወዳደር። ዕጣ የወጣለት ሰው ያለ ዋስ ገንዘብ እንዳይረከብ ደንቡ ላይ ይጻፍ።

የስልክ ብድር

ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም ክረምት መላና እንደኪሴ የተባሉትን የስልክ ብድሮች ካስጀመረ ወዲህ ሌሎች ባንኮችም በስልክ ማበደር ለምደዋል። ወረቀት የለም፣ ዋስ የለም፣ ገንዘቡ በደቂቃ ይገባል። ለአንድ ጊዜ ክፍተት፣ ለምሳሌ የጫኝ ሒሳብ ለመክፈል፣ ጥሩ መሣሪያ ነው። የሚያሳስተው "ወለድ" ሳይሆን "የአገልግሎት ክፍያ" መባሉ ነው። 2,000 ብር ለ30 ቀን በ5 በመቶ 100 ብር ነው፤ ቀላል ይመስላል። በየወሩ ከፍሎ በየወሩ የሚወስድ ሰው ግን በዓመት 1,200 ብር ይከፍላል፣ 60 በመቶ ማለት ነው። ቀኑ ሲደርስ ሒሳቡ ውስጥ ያለው ገንዘብ በራሱ ስለሚቆረጥ፣ ደንበኛ በዚያው ስልክ የሚከፍለው ነጋዴ ለነገ እቃ መግዣ ያሰበውን ሊያጣው ይችላል። ሲም ካርድን ለሰው ማዋስ ደግሞ ስምን ማዋስ ነው፤ ዕዳው የሚመዘገበው በባለ ሲሙ ነው።

ሙራባሃ

ወለድ የማይነካ ተበዳሪ ወሎ ላይ ብዙ ነው። ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ ለሙሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ናቸው፤ በሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አለ። ሙራባሃ ላይ ባንኩ ጥሬ ገንዘብ አያበድርም። ተበዳሪው የእቃውን ፕሮፎርማ (ሻጩ ዋጋውን ጽፎ የሚሰጠውን ወረቀት) ያመጣል፣ ባንኩ እቃውን ይገዛል፣ ከዚያ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ በጊዜ ክፍያ ይሸጥለታል። 60,000 ብር የሚያወጣ የልብስ ስፌት መኪና 12 በመቶ ትርፍ ቢጨመርበት 67,200 ይሆናል፣ በወር 5,600 ብር። ወለድና ትርፍ በሃይማኖት ሚዛን የተለያዩ ናቸው፣ እኛ የምናወዳድረው ከኪስ የሚወጣውን ብቻ ነው። በዚያ ሚዛን የ12 በመቶ ትርፍ ከ18 በመቶ የቀሪ ዕዳ ወለድ በወር ወደ 100 ብር ይበልጣል፣ ከ18 በመቶ ፍላት ደግሞ 300 ብር ያንሳል። ቁጥሮቹ በስም ስለሚለያዩ ብቻ አንዱን ርካሽ አትበሉ።

ትልቁ ጥንካሬው ዋጋው ከተፈረመ በኋላ አለመጨመሩ ነው፤ ቢዘገይም ትርፉ ላይ ትርፍ አይወልድም። ድክመቱ፣ ለደሞዝ፣ ለኪራይ ወይም ለቆየ ዕዳ መክፈያ አይሆንም። ከሻጩ ጋር ተስማምቶ እቃውን ሳይረከቡ ጥሬ ብሩን መካፈል ውሉን ከመሠረቱ ያፈርሰዋል። ከባንኩ ሳይፈርሙ እቃውን ቀድሞ መግዛትና ቀብድ መክፈልም እንዲሁ ጉዳዩን ውድቅ ያደርገዋል። ፕሮፎርማው የሚያገለግልበትን ቀን ተመልከቱ፤ ባንኩ ሲያጣራ ጊዜው ካለፈ በአዲስ ዋጋ እንደገና መጀመር ይመጣል።

አራጣ

ይህን ለማንም አንመክርም። በወር 10 በመቶ የተወሰደ 60,000 ብር በዓመት 72,000 ብር ወለድ ተከፍሎበት ዋናው እንዳለ ይቀመጣል። በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ብድር የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2479 በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መስማማትን ይከለክላል፤ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712 ደግሞ አራጣን ወንጀል ያደርገዋል። አራጣ አበዳሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ወለድ የሚል ቃል ወረቀት ላይ አያስገቡም። 60,000 ሰጥተው 100,000 ያጽፋሉ፣ ወይም የቤት ሽያጭ ውል ያስፈርማሉ፣ ወይም ቀን ያልተጻፈበት ቼክ ይቀበላሉ። ቼኩ ከሁሉ ይከፋል፤ በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ስለሚያስቀጣ ተራ ዕዳ የነበረው ነገር የወንጀል ክስ ሆኖ ይመጣል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 መሠረት የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም ፍርድ ቤት ፊት በመሐላ ነው፤ ስለዚህ ከዘመድም ቢሆን ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ወይም በባንክ አስገቡ።

ለሌላ ሰው ዋስ የምትሆኑ ደግሞ ውሉ ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በቁጥር መጻፉን፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መጠኑ ያልተጠቀሰበትን ዋስትና ዋጋ ያሳጣዋል። ከዚያም ዋስትናው ተራ ነው ወይስ ከተበዳሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ የሚለውን። ተራ ዋስ መጀመሪያ የተበዳሪው ንብረት ይጠየቅልኝ ማለት ይችላል፤ ሁለተኛው ይህ መብት የለውም፣ አበዳሪው ቀጥታ እርሱ ጋ ይመጣል።

ክፍያ ሲያቅት

ዝምታ ሁሉንም ያባብሳል። ብድር ሳይከፈል 90 ቀን ካለፈው የተበላሸ ተብሎ ይመደባል፤ ከዚያ በኋላ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ የመወሰን አቅሙ ይጠባል፣ መረጃውም በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል በኩል ለሌሎች አበዳሪዎች ይታያል። የማራዘሚያ ጥያቄ የሚቀርበው ቀኑ ከማለፉ በፊት ነው፦ በጽሑፍ፣ ምክንያቱን ከማስረጃ ጋር፣ በወር ምን ያህል መክፈል እንደሚቻል በቁጥር አስቀምጦ። በሁለት ቅጂ ይሁን፣ አንዱ ላይ ገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙት። ጥያቄው እስኪመለስ ግማሹንም ቢሆን መክፈል ፋይሉን ሕያው ያደርገዋል። ቤት ወይም መኪና ያስያዘ ሰው በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ እንደሚችል ይወቅ፤ ከዚያ በፊት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ 30 ቀን ነው። በዚያ ወር ውስጥ ራሱ ገዢ ፈልጎ በባንኩ ፈቃድ የሸጠ ብዙውን ጊዜ ከሐራጁ የተሻለ ዋጋ ያገኛል።

ከፍሎ የጨረሰ ሰውም ሥራው አላለቀም። የመጨረሻውን ደረሰኝ ይዞ ከመሄድ ይልቅ ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለበት የሚያረጋግጥ ደብዳቤ) ይጠይቅ፣ የግዴታ ቁጠባው ይመለስለት፣ ቡድንም ከሆነ ለእያንዳንዱ አባል በስሙ ይጻፍ። ካርታ ወይም ሊብሬ ተይዞ ከነበረ፣ ወረቀቱን መልሶ መቀበል ብቻውን እገዳውን አያነሳም። ባንኩ ለማዘጋጃ ቤቱ ወይም ለመንገድ ትራንስፖርት ቢሮው የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ መጻፍ አለበት፣ ደብዳቤው መድረሱና ፋይሉ ውስጥ መግባቱ እዚያው ሄዶ ይረጋገጣል። ይህ ያልተደረገበት ቤት ከዓመታት በኋላ ለሽያጭ ሲቀርብ አሁንም ዕዳ አለበት ይባላል፣ ያኔም መዝገቡን ፈልጎ ማስተካከሉ የተበዳሪው ድካም ይሆናል።